በእህቱ ስም

እሁድ ከሰዓት፣ ኅዳር 8 ቀን

ሚጡዬ፣ የኔ ቀበጥ፣

እንዴት ነሽልኝ? ያ ብርድ አሁንም አጥንት ይሰብራል ወይስ ለመድሽው? ይህንን በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን አባትሽ አሁን ሳሎን ስለሚተኛ፣ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ "ምን ተደብቆ ነው የሚወራው?" ይላል። አንቺም ብትሆኚ "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ብለሽ ነው የምትዘጊው። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ሆስፒታሉ ወደ ወንዶች ክፍል አዛውሮኛል፤ ወለሉ ሰፊ ነው፣ መወልወያው እንደኔ አርጅቷል። እዚያ ስላገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ነው የምጽፍልሽ። እንቅልፍ ነስተውኛል።

መንገድ ላይ ወድቀው አላፊ አግዳሚ ነው ያመጣቸው። መታወቂያ የለ፣ ስልክ የለ፣ ስማቸውን ሲጠየቁ ዝም። አልጋቸው መስኮት ስር ስለሆነ ነርሶቹ "ጋሽ መስኮት" አሏቸው፤ በዚያው ጸና። ጠያቂ አልነበራቸውም። የሌላው አልጋ በቤተሰብ ሲጨናነቅ እሳቸው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። አላስችል ሲለኝ በምሳ ሰዓቴ እየሄድኩ ሾርባ በማንኪያ እሰጣቸው ጀመር።

"እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ" ይሉኛል። እኔም ሰው ሁሉ እህቴ፣ ወንድሜ እንደሚባባለው መስሎኝ "አሜን" እላለሁ። አንድ ቀን ግን ማንኪያውን ገፋ አድርገው ትክ ብለው አዩኝና፣

"እማዬ ስትሞት ጠርታኝ ነበር?" አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። የሚያዩት የእናታቸውን ልጅ እንጂ እኔን አልነበረም።

ምን እላለሁ? ማንኪያውን አስቀመጥኩ። እሳቸው ቀጠሉ። "ላንቺ ጥያት ሄድኩ። ስታገላብጫት፣ ስታጥቢያት፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላልኩም። ለቀብሯም አልመጣሁ። አፍሬ ነው የቀረሁት፣ እህቴ። ይቅር በይኝ።" እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ሚጡ፣ አንጀቴ አልቻለም።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወንድሜ" አልኳቸው። አባቴን የሚያክሉትን ሰው አንተ ብዬ!

"ትራሴን አስተካክይልኝ" አሉና ተኙ። በማግስቱ ስገባ አልጋው ላይ ሌላ በሽተኛ ነበር።

እውነቴን ነው፣ ያን ቀን አዝኜም ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሰው ቀሎት ሄደ ብዬ።

ከዚያ እህትየዋ መጡ። በየሆስፒታሉ ፎቶ ይዘው ሲፈልጉ ከርመው የደረሱት ለሬሳው ነው። ጠና ያሉ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ኃላፊዋ ነርስ "ያስታመመቻቸው እሷ ናት" ብላ ወደኔ ላከቻቸው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፣ እዚያ ተቀመጥን። ወንድማቸው ምን እንዳሉ ጠየቁኝ፤ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ይቅር ብዬሃለሁ አልኳቸው።"

"በማን ስም?"

"በ... በእርስዎ።"

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማን ፈቀደልሽ?" አሉኝ። "እናቴን ብቻዬን አስታምሜ ብቻዬን የቀበርኩ እኔ ነኝ። ያቺን ቃል ብሰጠውም ብነፍገውም የኔ ነበረች።"

"እትዬ፣ ሲሰቃዩ አይቼ አላስቻለኝም።"

"አውቃለሁ። እኔ ብደርስ ግን ይቅር አልለውም ነበር። የት ነበርክ ብዬ፣ የተኛው ሁሉ እስኪነቃ እጮህበት ነበር። ከዚያ በኋላ ምናልባት..." አልጨረሱትም። "እሱን ነው የወሰድሽብኝ" ብለው የወንድማቸውን ጃኬት አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ሄዱ። አላመሰገኑኝም፣ አልረገሙኝም።

ከዚያ ወዲህ ወለል ስወለውልም፣ ቤት ሰሃን ሳጥብም ያው ነው የማስበው። ማንን ነው የረዳሁት? ሸክሙን ከሽማግሌው አንስቼ እህታቸው ላይ የጫንኩ ይመስለኛል። ደግሞ ሽማግሌው ዛሬ ተነስተው እጄን ቢይዙኝ ያንኑ እደግመዋለሁ። ክፋቱ ይሄ ነው።

አሁን ስለ አባትሽ። አትደንግጪ። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ነው ያለው። መድኃኒቱ ለማስታገስ እንጂ ለማዳን እንዳልሆነ ለብቻዬ ጠርቶ ነግሮኛል። አባትሽ አላወቀም፤ ወይም አውቆ ዝም ብሏል። ሸሚዙ ሁሉ ሰፍቶታል። አንቺን ከቤት ያስወጣሽ ቀን ጎረቤት የሰማው ያ ድምፅ፣ ዛሬ ውሃ ለመጠየቅ እንኳ አይበቃውም።

ጠዋት "ሚጡ ስትደውል ስለኔ ታነሳለች?" አለኝ። አዎ፣ ሰላም ብላሃለች ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እኚያ ሴትዮ ፊቴ ድቅን አሉብኝ። "እሷን ጠይቃት" አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና "ከሥራ የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው?" አለ።

ይቅር በዪው አልልሽም፣ ልጄ። ያለሽን በዪው። መጮህ ካለብሽም ጩኺበት፤ ጆሮው ደህና ነው። እኔ ግን ባንቺ ስም አንድ ቃል አልመልስለትም።

ደክሞሽ ስትገቢ በር የሚከፍትልሽ፣ ስታመሚ ግንባርሽን የሚዳብስ ሰው አትጪ። ክፉ አይንካሽ። ያሰብሽው ሁሉ ሳትሸማቀቂበት ይሙላልሽ።

የምትሳሳልሽ
እናትሽ

ረስቼው፦ ስልኩን ከዛሬ ጀምሮ እሱ ራስጌ አድርጌዋለሁ። ስትደውዪ የሚያነሳው እሱ ነው።