በሌሊሴና በጫልቱ መካከል

ነቀምቴ፣ ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017

«እኚህ ሰውዬ ዛሬም ከስልካቸው ጋር ተጣልተዋል» አለ የኮሌጁ ዘበኛ፣ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ። እውነቱን ነው፤ ተጣልተናል። ያጣላችን ሌሊሴ ናት።

ከሙዚቃ ተማሪዎቼ እንደሷ ያለ ጆሮ ያለው የለም። ቅዳሜ አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለባት። ለጆሮ ልምምድ እንዲሆናት ስልኬ ላይ ፕሮግራም ጫንኩ። ሁለት ድምፅ ያሰማና በመካከላቸው ያለው ርቀት ምን እንደሚባል ይጠይቃል። እሷ መልሱን አትነካም፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን እንደለመደችው ሦስተኛ ድምፅ ትጨምርበታለች። ስልኩ ትንሽ ይጠብቅና «ተሳስተዋል» ይላል። የጨመረችው ድምፅ ግን ልክ ነው።

«በመዘምራኑ ቢሆን የላይኛው ድምፅ የማን ነው?» አልኳት ተስፋ ስቆርጥ።

«የጫልቱ ነዋ፣ ባርሲሳ» አለች፣ መምህር በምትልበት ኦሮምኛዋ፤ ጫልቱ አብራት የምትዘምረው ናት።

«የታችኛውስ?»

«የኔ።»

«እንግዲህ በአንቺና በጫልቱ መካከል ያለው ርቀት ‹ሦስተኛ› ይባላል።»

«ስንዘምር ስም የለውም እኮ» አለች።

አራተኛና አምስተኛ የሚባሉትንም ርቀቶች ለወንዶቹ ዘማሪዎች አከፋፈልናቸው። ከዚያ በኋላ አንድም አልሳተችም። በስተርጅናዬ መዘምራንን ለስልክ ሳስተረጉም ዋልኩ። ድካሜ ደስ የሚል ድካም ነው ብዬ ልጽፍ ነበር።

ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆም አለች። መዘምራኑ በዚያው በፈተናዋ ቅዳሜ ኡኬ ከተማ ሰርግ አለባቸው። አልቶ የሚባለውን የሴቶቹን የታችኛ ድምፅ የምትይዘው እሷ ብቻ ናት።