መቅደም የተከለከለው መሪ

ለተከበሩ የግማሽ ማራቶን ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በስህተት መሪ ስለሆነ አንድ ጎሚስታ እና በስህተት ስለተሰረዙ አንድ ሯጭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የኮሚቴዎን አባላት፣ እንዲሁም ያንን ክብ ማህተም ሳይደክም የሚመታውን ትጉህ እጅ ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ደህና ነው? ቁርጭምጭሚትዎስ? ወገብዎስ? እንዲህ በዝርዝር መጠየቄ፣ ሰው እነዚህ ሁሉ እንዳሉት ባለፈው ወር ባዘጋጁልን ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ በየተራ ስላወቅሁ ነው። እኔ በበኩሌ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይድረስና፣ ደረጃ የምወርደው እስካሁን ድረስ የኋሊት ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ጎማ እነፋለሁ፣ የፈነዳም እጠግናለሁ። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ አስተማሪዎቼ ግን «አቋረጠ አይባልም፣ ገላገለን ነው የሚባለው» ይላሉ። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ያው በተለመደው ቸርነትዎ እንዳይሰርዙብኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍኩት በፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ ምናልባት ገና እየሮጡ ስለሆነ ነው። የምለምነውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብሬያቸው የሮጥኩት የሆስፒታሉ ስልክ ኦፕሬተር የተሰረዘባቸው ውጤት ይመለስላቸው። አቤቱታ የምትቀበሉት እስከ ፊታችን ዓርብ ነው ብላችኋል። ቅሬታዬን በቁጥር ያስቀመጥኩት፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ቁጥር የሌለው ነገር ቢሮ ውስጥ አይታይም ስላለችኝ ነው።

፩ኛ. ስለ ቅጹ።

አልዋሽም፣ ለምዝገባ የመጣሁት ለቲሸርቱ ነው። ቲሸርቱን ተቀብዬ የውድድሩ ቀን እስከ ረፋድ ልተኛ ነበር ሐሳቤ። ታዲያ ቅጻችሁ ላይ «የተሳትፎ ዓይነት» ይልና ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ «ሯጭ» ሌላው «መሪ»። ክቡር ሆይ፣ እስቲ በሞቴ፣ መሪ መሆን እየተቻለ ሯጭ የሚሆን ምን ዓይነት ቂል ነው? መሪ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። መዝጋቢዋ ቀና ብላ «እርግጠኛ ነህ? መሪ ነህ?» ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ከተወለድኩ ጀምሮ» አልኳት። እንባ አቀረረች። «እንዳንተ ያለው ጠፍቶ እኮ ነው!» ብላ ሁለት ቲሸርት ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ቁመናዬን ዓይታ መስሎኝ ኮራ ብዬ ወጣሁ። በዋዜማውም ደውላ «መሪያችን፣ አደራ እንዳትቀር» አለችኝ። በዕድሜዬ ሰው እንዳልሄድ ለምኖኝ ያውቃል እንጂ እንዳልቀር ለምኖኝ አያውቅምና ሄድኩ።

መሪ ማለት ማየት ከተሳነው ሯጭ ጋር በገመድ ታስሮ መንገድ የሚያሳይ ማለት እንደሆነ፣ ቅጹ ጀርባ ላይ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል መጻፉን ያወቅሁት ከታሰርኩ በኋላ ነው። ስለ ፊደሉ መጠን ላመሰግን እወዳለሁ። ለእኔ የሚያይ ዓይን ያስቸገረ ጽሑፍ የተጻፈው ለማን እንደሆነም ባውቅ ደስ ይለኛል።

፪ኛ. ስለ ገመዱ።

ጠዋት በድምፅ ማጉያ «መሪዎች ወደ ግራ» ሲባል ደረቴን ነፍቼ ወደ ግራ ሄድኩ። አስተናባሪዎ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ የግራ አንጓዬን ያዘና ክንድ በማይሞላ ገመድ ከአንድ ጎልማሳ ሰው ቀኝ እጅ ጋር በሁለት ቋጠሮ ጠፈረኝ። «ምንድነው ይሄ?» ስለው «ሯጭህ ናቸዋ!» ብሎኝ ሄደ። ጎልማሳው ፊታቸው በራ። «መጣህልኝ ልጄ? ዓምና የተመደበልኝ መሪ ሲቀር፣ የሰዉ ኮቴ ከፊቴ እስኪጠፋ እዚሁ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ዓመት የሆስፒታሉን ደረጃ ስወጣ ስወርድ የከረምኩት ለዛሬ ነው። የመጀመሪያዬ ነው፤ ያንተስ ስንተኛህ ነው?» አሉኝ።

እግሬ አውጪኝ ልል የመጀመሪያውን ኩርባ በዓይኔ መርጬ ጨርሼ ነበር። ግን እንዲህ ካለ ሰው ጋር ታስረው ወዴት ያመልጣሉ? በቀኝ አጥር፣ በግራ ጋሼ፣ ከኋላ አራት ሺህ ሰው። ያለው መንገድ ወደ ፊት ብቻ ነው፤ እሱም ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር። እኔ እስከዚያን ቀን ድረስ በአንድ ትንፋሽ የሮጥኩት ትልቁ ርቀት ከዳቦ ቤቱ ውሻ እስከ ቤታችን በር ነው።

፫ኛ. ስለ መንገዱ።

ይህ ቅሬታ በከፊል በእኔ ላይ ስለሆነ ግማሹን ለራሴ አድርሼዋለሁ። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰልችቶኝ፣ ሜዳ በሆነ አስፋልት ላይ «ዝለሉ!» አልኳቸው። ጋሼ ዘለሉ። ሣቄን ውጬ ደግሜ «ዝለሉ!» አልኩ። ዘለሉ። በሦስተኛው ግን «ልጄ፣ ገመዱ ይነግረኛል እኮ። መንገዱ የሁለታችን ሆኖ ጉድጓዱ የእኔ ብቻ ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ «ዝለሉ» ባልኩ ቁጥር እኔም መዝለል ግድ ሆነብኝ፤ ሥራ በዛብኝና ተውኩት።

እሱ አልበቃ ብሎ፣ አምስተኛው ላይ ጋሼ በድንገት «ስልኩ ይሠራል» አሉ። የቱ ስልክ ብላቸው «የሆስፒታሉ ነዋ! ‘ስልካችሁ ይሠራል?’ ብለህ ስትጠይቀኝ፣ ‘አዎ ይሠራል’ ስልህ፣ ‘እንግዲያው ብዙ አታሠሩት፣ እረፍት ስጡት’ እያልክ ጆሮዬ ላይ የምትዘጋው አንተ አይደለህ እንዴ? በሳምንት ሦስቴ። ‘ዝለሉ’ ስትል ነው ድምፅህን የለየሁት» አሉኝ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ ብትከፈትም ገመዱ ስላለ ጋሼም አብረውኝ ሊገቡ ነው። ሰው ቀልዶ የሚሮጠው ከቀለደበት ሰው ለመሸሽ ነው፤ ከቀለደበት ሰው ጋር ታስሮ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር የቀረው ግን በዓለም ላይ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ስትጠፋብኝ፣ ይሄ ልጅ አሞት ይሆን እንዴ ብዬ ነበር» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

፬ኛ. ስለ ውሃው።

ውሃ የምታድለው ልጅ ጋሼ አፍንጫዋ ሥር ቆመው እያለ እኔን «እሳቸው ውሃ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጋሼም ወደ እኔ ዞረው «ይፈልጋሉ በላት። ጆሮም አላቸው በላት» አሉ። በአራቱም የውሃ ጣቢያ እንዲሁ ነው። አስተናባሪዎቻችሁ በዚህ ጉዳይ ያላቸው የአሠራር አንድነት የሚደነቅ ነው።

፭ኛ. ስለ አውቶቡሱ።

አሥር ኪሎ ሜትር ተኩል ላይ ነፍሴ ጥርሴ ላይ ደርሳ «ጋሼ፣ ግማሹን ጨረስን» ብላቸው «የግማሹን ግማሽ ነው ልጄ» አሉኝ። ውድድሩን ግማሽ ብላችሁ ስትሰይሙ እዚህ ጋ የምንቆም አስመስላችሁ ያታለላችሁኝን አልረሳም። ከኋላችን ደግሞ የደከመውን የሚለቅመው አውቶቡስ፣ ባዶ ወንበሩን በመስኮት እያሳየ እንደ ሙሽራ መኪና ክላክስ እያደረገ ይከተለናል። ጥርሴን ወደ ቋጠሮው ላስጠጋ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጋሼ እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉልኝ፣ እየረዱኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ላባቸውን ሊጠርጉ ነው። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስድስት የሄድኩት እሳቸው እየጎተቱኝ ነው፤ ይህን ስጽፍ ማን መሪ እንደነበረ ጥያቄ ሊነሳ እንደሚችል አውቃለሁ፣ አታንሱት።

አሥራ ሰባተኛው ላይ መንገዱ መሐል ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት ኮሚቴው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሁለታችንንም ያስተኛ ነበር። «ዝለሉ!» ብዬ ጮህኩ። ያን ሁሉ ስቀልድባቸው ከርሜ፣ ጋሼ «እውነት ነው?» እንኳ ሳይሉኝ ዘለሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቀልድ አልወጣኝም፤ ደክሞኝ ነው ብያለሁ፣ እርስዎም እንደዚያው ይያዙልኝ።

፮ኛ. ስለ በሩ።

መጨረሻው መስመር ላይ ያቆማችሁት በር ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ ይላል። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል። ጋሼ «በሩ ለስንት ሰው ይበቃል?» አሉኝ። «ለአንድ» አልኳቸው። «እንግዲያው ቅደምና አስገባኛ! እዚህ ቆመን እንዲያሰፉልን ልንጠብቅ ነው?» አሉ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ፣ ገባሁ፣ ገቡ። ጋሼ ተንበርክከው አስፋልቱን በመዳፋቸው ዳበሱና «መስመሩ ይሄ ነው? ቀለሙ ይታወቃል» አሉ። እውነትም ወፈር ተደርጎ የተቀባ ነው፤ ለዚህ ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ።

በሳምንቱ ፎቶግራፍ የተያያዘበት ደብዳቤያችሁ ለጋሼ ደረሰ። በደንባችሁ አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት መሪው ከሯጩ ቀድሞ መስመሩን ስላለፈ የሯጩ ውጤት ተሰርዟል ይላል። መሪ መቅደም ክልክል ነው! ይህን የመሰለ ጥበብ ብዙ ቢሮዎች ቢማሩት በወደድኩ። ደንቡን ፈልጌ አገኘሁት፤ ተለጥፎ የነበረው ከበሩ ወዲያ ማዶ ነው፤ ካለፉ በኋላ ነው የሚነበበው። በሩም ግቢያችሁ ውስጥ ተጋድሞ ስላገኘሁት በአክስቴ ሜትር ለካሁት፤ ስልሳ አራት ሴንቲ ሜትር። ዘበኛው «ምን እየለካህ ነው?» ሲለኝ «ሱሪ ልናሰፋለት» ብዬ ተገላገልኩ። የጋሼ ትከሻ አርባ ስምንት፣ የእኔ አርባ አምስት። ሂሳብ ሁልጊዜ ብወድቅም ይኼኛው አልጠፋኝም።

የውጤቱ ዝርዝር ሲወጣ የጋሼ ልጅ በስልክ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። «ዘለልሽኝ መሰለኝ፣ ድገሚው» አሏት። ደገመች። «አሁን ደግሞ ከታች ወደ ላይ» አሏት። ከሆስፒታሉ በር እስከ ማዋለጃ ክፍል ድረስ ለሁሉም በስልክ እንደጨረሱ የተናገሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ሰዉ «ስምዎን አጣነው እኮ» እያለ ይደውልላቸዋል፣ መስመሩን የሚያገናኙት ራሳቸው ናቸው።

ሰባተኛ የለኝም። ያለኝ ልመና ነው። ጥፋት ካለ የቀደምኩት እኔ ነኝና እኔን ሰርዙኝ፤ ስሜ ሲሰረዝ አዲስ አይደለም፣ የክፍል ስም ጠሪዎች ሁሉ ይመሰክሩልኛል። የእሳቸውን ግን ከነደቂቃው መልሱት። እኔም ልፈታ። ገመዱ ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ልጥለው ሦስት ጊዜ አውርጄ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። በየጠዋቱ የሱቃችን ስልክ ይጮሃል፤ ጋሼ ናቸው። «ጎሚስታ ቤት ነው? ጎማችሁ ይዞራል?» ይላሉ። ይዞራል ስላቸው «እንግዲያው አረፍ ይበል፣ ራሱን እንዳያዞረው» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ከኮሚቴው የመጣ ነገር አለ?» ይሉኛል። እናንተ «ጉዳዩ እየታየ ነው» እንዳላችሁኝ እኔም «እየታየ ነው» እላቸዋለሁ። ለመላው ሰፈር ስዋሽ ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ ለእሳቸው ስናገር ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ደግሞ ድምፅ ያውቃሉ። ለከርሞም እኔን መሪ አድርገው በስልክ ማስመዝገባቸውን መዝጋቢዋ እያለቀሰች ነግራኛለች። ስለዚህ ማምለጫ የለኝም፤ ለእርስዎም እንዲኖርዎ አልመኝም።

በቅጽዎ ተይዤ፣ በገመድዎ ታስሬ፣ በበርዎ ተጨንቄ፣ እስከ ዓርብ የቢሮዎን ደረጃ የኋሊት እየወረድኩ የምመላለስ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴንና ያበጠ ጉልበቴን የማቀርብልዎ፣

የቀደመው መሪ

የተረሳ ነገር፦ ለጋሼ በጻፋችሁት ደብዳቤ ሁለተኛ መስመር ላይ «ከተያያዘው ፎቶግራፍ እርስዎ ራስዎ እንደሚመለከቱት» ይላል። ፎቶግራፉን ስልኩ አጠገብ አስቀምጠውታል። እስካሁን እየተመለከቱት ነው፤ የታያቸው ዕለት መልስ ይጽፉልዎታል።