ሁሉን በክር ያሰሩት ዠርቬ ቲቦ

ዛሬ የምንሸኛቸው ዠርቬ ቲቦ እ.ኤ.አ. በ1948 ከአባታቸው ከሌዮን ቲቦና ከእናታቸው ከዤርሜን፣ በሎዋር ወንዝ ዳር ባለችው በዚህችው መንደራችን ተወለዱ። አባታቸው በርሜል ሠሪ ነበሩ። ትልልቆቹን የወይን ጠጅ በርሜሎች ለመጠገን በጠባብ በር እየሾለኩ ይገቡ ነበር። እናታቸው ፍየል ያረቡ ነበር፤ የሠሩትን አይብ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ያወጡት ነበር።

በቡርዥ የሙያ ትምህርት ቤት ብየዳና የብረታ ብረት ሥራ ተምረው በ1966 ጨረሱ። የውትድርና ግዴታቸውን ከፈጸሙ በኋላ በአንድ የቦይለር ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1972 የመንደሩ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ከኦዴት ጋር ተጋቡ። ኦዴት እንደሚያወሱት፣ ዠርቬ ጋብቻ የጠየቋቸው ደብዳቤ የሚጽፉለት ሰው ሳይኖራቸው ቴምብር ሲገዙ ከርመው ነው። የዠርቬ ቀለበት በውስጡ “ኦዴት” የሚል ስም ተቀርጾበት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በፋብሪካው ውስጥ የቀለበት ጣታቸው በመዶሻ ተመትቶ አንጓው እንዳበጠ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቀለበቱ ማውለቅ ቢፈልጉም የማይወልቅ ሆነ። ከጋብቻቸው ሴት ልጃቸውን ክሎቲልድንና ወንድ ልጃቸውን ሬሚን አፍርተዋል።

በ1979 ወንዙ ዳር በተሠራው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የእንፋሎት ማመንጫዎችን በሚጠግነው ቡድን ገቡ። የእንፋሎት ማመንጫ ከቤተ ክርስቲያናችን ግንብ የማያንስ የብረት ጋን ነው። በሆዱ ውስጥ እልፍ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉት። ከሪአክተሩ የሚመጣው የጋለ ውኃ በቧንቧዎቹ ውስጥ ሲያልፍ፣ በውጪ ያለውን ውኃ ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። ከሥሩ የሰው ትከሻ ብቻ የምታሳልፍ ክብ በር አለች። ዠርቬ በዚያች በር እየገቡ ያረጁትን ቧንቧዎች ይደፍኑ ነበር። ጨረር ስላለ ማንም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ስለዚህ እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ አስቀድመው ለልምምድ በተሠራ የጋኑ አምሳያ ላይ ሲለማመዱ ይሰነብታሉ። አባታቸው አንድ ጊዜ አምሳያውን ሊጎበኙ መጥተው፣ “ይሄማ የእኔው ሥራ ነው፤ ሽታው ብቻ ነው የቀረው” ብለው ሄደዋል።

ከፀደይ እስከ መኸር፣ የኒውክሌር ኃይል ጣቢያዎች ለምርመራ በሚቆሙበት ወራት፣ ተጎታች ቤታቸውን በመኪና እየጎተቱ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይዘዋወሩ ነበር። የልጆቹ ልደት ብዙውን ጊዜ ያለ እርሳቸው ተከብሯል። ይህን ራሳቸውም ሳይሸሽጉ ይናገሩት ነበር።

በዚያ ሥራ ትልቁ ፍርሃት ትንሽ ነገር ጥሎ መውጣት ነው። የወደቀ ብሎን በውኃው ተገፍቶ ቧንቧዎቹን ሊቀጠቅጥ ይችላል። ስለዚህ የሠራተኛው ኪስ ይሰፋል፤ መብራቱም መፍቻውም በክር ይታሰራል። በሩ ላይ የሚቆመው ጠባቂም የገባው ሁሉ መውጣቱን ያያል። ዠርቬ ይህን ልማድ ቤት ድረስ ይዘውት መጡ። መነጽራቸው፣ የአይብ ቢላዋው፣ የጓሮው መቀስ ሁሉም ክር ነበራቸው። ኦዴት፣ “እኔንስ መቼ ነው የምታስረኝ?” ሲሏቸው፣ “አንቺ መቼ ጠፍተሽ ታውቂያለሽ!” ይሉ ነበር።

ቀለበት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሆኖም ጣታቸው ያበጠውን ሰዎች ጠባቂው አይቶ፣ ቀለበቱ በፕላስተር ተጠቅልሎ እንዲገቡ ይፈቅድላቸው ነበር። ዠርቬም ለዓመታት እንዲሁ ሲገቡ ኖሩ።

በ1997 ክረምት የጨጓራ ሕመም ጸንቶባቸው እጅግ ከሱ። ኦዴት ሱሪያቸውን በየጊዜው ያጠብቡላቸው ነበር፤ ጣታቸውን ግን ማንም አላሰበም። በዚያ ወቅት ትልቅ ተስፋ ነበራቸው። የጣቢያው የእንፋሎት ማመንጫዎች የተደፈነው ቧንቧቸው ስለበዛ በተከታዩ በጋ በአዲስ ሊተኩ ተወስኖ፣ የቡድኑ መሪነት ለእርሳቸው ተሰጥቶ ነበር። “ዕድሜዬን የተሳብኩባቸውን በእጄ አውጥቼ፣ በእጄ ልተካቸው” ይሉ ነበር።

በፀደዩ ምርመራ የመጨረሻ ቀን ከሪአክተሩ ወደ ጋኑ የሚገባው ትልቅ ቧንቧ አፉ ላይ የተደረገውን ጊዜያዊ ክዳን ለማውጣት ገቡ። ጓንታቸው በክዳኑ ጠርዝ ተይዞ ወለቀ። ፈጥነው መልሰው አጠለቁትና ሥራውን ጨርሰው ወጡ። መውጫው ላይ ያለው የጨረር መለኪያ ጮኸባቸው፤ እጃቸውን እየፈተጉ ሲታጠቡ ነው ጣታቸው ባዶ መሆኑን ያዩት። ክብዋ በር በዚያ ሰዓት እየተዘጋች ነበር።

አጠገባቸው የነበሩት የረጅም ዘመን ባልደረባቸው ኢቮን ካራዴክ ብቻ ነበሩ።

“ዝም በል ዠርቬ፤ ጓንቱ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል” አሏቸው።

“ይሆናል ብዬ በር አላዘጋም።”

“አንተ ሰውዬ፣ አሁን ከተናገርክ የበጋውን ሥራ እርሳው። ገብቶሃል?”

“ገብቶኛል። ስልኩን አቀብለኝ።”

ኢቮን ይህን ንግግር ለቤተሰቡ የነገሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዠርቬ ራሳቸው ፈጽሞ አላነሱትም።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ጣቢያው እንደገና ሥራ የሚጀምርበት ቀን ተላለፈ። ዠርቬ ለዚያ ጊዜ የተፈቀደላቸውን የጨረር መጠን ጨርሰው ስለነበር መግባት አልቻሉም፤ የገቡት ኢቮን ናቸው። ቀለበቱን ከነፕላስተሩ በትልቁ ቧንቧ ከንፈር ላይ አገኙት። ትንሽ ቢገፋ ኖሮ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሲወጡም፣ “ስሙ ኦዴት ባይሆን ኖሮ ትቼልህ እመጣ ነበር” አሏቸው።

ቀለበቱ ግን ወደ ጣታቸው አልተመለሰም። ደጋግመው አጠቡት፤ በስሙ ፊደሎች መካከል የገባው ብናኝ ግን አልለቅ አለ። በደንቡ መሠረት ከሌሎች የተበከሉ ዕቃዎች ጋር ሲሚንቶ በተሞላ በርሜል ውስጥ ታሽጎ ወደ ማከማቻው ተወሰደ። ዠርቬ ይህን ለባለቤታቸው ሊነግሩ ወጥ ቤት ገቡ። ኦዴት እጃቸውን አይተው ነገሩን ተረዱ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ “የበርሜል ሠሪ ልጅ አግብቼ ቀለበቴ በርሜል ውስጥ ባይገባ ነበር የሚገርመኝ። ቁጭ በል፣ ምስሩ እየቀዘቀዘ ነው” አሉ። አዲስ እንግዛ ሲሏቸውም፣ “ያገባኸኝ በአንዱ ነው። እሱም አልጠፋም፤ የት እንዳለ እናውቃለን” ብለው እምቢ አሉ።

የቡድኑ መሪነት ለኢቮን ተሰጠ። ዠርቬ አልተከራከሩም። ይልቁንም በራሳቸው ጥያቄ የበሩ ጠባቂ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ በጣቢያው ለማንም ጣት፣ ላበጠም ቢሆን፣ ቀለበት ይዞ መግባት ቀረ። የበጋው ሥራ በተጀመረ ቀን በሩ ላይ መጀመሪያ የደረሱት ኢቮን ነበሩ። ሳይጠየቁ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዠርቬ ጣት በጣት አዩና፣ “ግባ” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስም ነባርም፣ ኢንጂነርም በያጅም፣ እጁን ሳይዘረጋላቸው ያለፈ የለም። አሮጌዎቹ ማመንጫዎች ቧንቧቸው ተቆርጦ፣ በክሬን ተነስተው በጎናቸው እየተንሸራተቱ ሲወጡ ዠርቬ ከበራቸው ሆነው ቆባቸውን አውልቀው ሸኟቸው።

በ2005 ጡረታ ወጡ። ተጎታች ቤቱን ጓሮ አቁመው የቲማቲም ችግኝ ማፍያ አደረጉት። ያለፉባቸውን የልጆቻቸውን ልደቶች በልጅ ልጆቻቸው ልደት ለመካስ ጥረዋል፤ ኬኩን የሚቆርሱት ግን ያው ክር ባለው ቢላዋ ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ጠዋት በቤታቸው፣ እጃቸው በኦዴት እጅ እንዳለ ዐረፉ። ባለቤታቸው ኦዴት፣ ልጆቻቸው ክሎቲልድና ሬሚ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ወዳጃቸው ኢቮን ካራዴክ በሐዘን ይሸኟቸዋል።

አስከሬናቸውን ያሰናዱት ሰዎች የሚደረግላቸው ቀለበት ይኖር እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ኦዴት፣ “አለው፤ እዚህ አይደለም እንጂ” ብለዋል። ስለዚህ ዠርቬ ሲገቡ እንደኖሩት ሳይሆን ሌሎችን ሲያስገቡ እንደኖሩት፣ በባዶ ጣት ይቀበራሉ። ፈጣሪ በበሩ ቆሞ የተዘረጉትን እጆቻቸውን ይመልከት፤ እርሳቸውንም “ግባ” ይበላቸው። አሜን።