ኮምፕረሰር በሽማግሌ ያስጠየቁት የአቶ ፈየራ ደሬሳ የሕይወት ታሪክ (1932–1982 ዓ.ም.)

አቶ ፈየራ ደሬሳ ከአባታቸው ከአቶ ደሬሳ ዳባ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውቢት ጉዲና በ1932 ዓ.ም. በደዶ ተወለዱ። በልጅነታቸው ጭምት ነበሩ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን ነበር፤ ነገር ግን ወላጅ እናታቸው እዚሁ መካከላችን ተቀምጠው ስለሚያዳምጡ መዋሸት አይቻልም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወደ ጅማ መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም በአንድ ጋራዥ የመካኒክነት ሙያ ቀስመው በ1955 ዓ.ም. በከተማችን በሚገኝ ሆስፒታል በጥገና ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1963 ዓ.ም. ከወ/ሮ መንበረ ፍስሐ ጋር ትዳር መሥርተው ጎጆአቸውን በጊንጆ ጉዱሩ ሠፈር ቀለሱ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የወ/ሮ መንበረ ታናሽ እህት፣ ሙሽራው በሠርጋቸው ዕለት መንገድ ላይ የቆመችውን መኪና ሲጠግኑ ነጭ ሸሚዛቸውን በግራሶ መለወሳቸውን መቼም አትረሳውም።

በ1967 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደ። ሕፃኑን ፈሳሽ አፍኖት ነበር፤ የሆስፒታሉ መምጠጫ ማሽን ደግሞ መለዋወጫ አጥቶ ከቆመ ሰነባብቷል። ልጁ አልተረፈም። ያንን ማሽን ሦስት ጊዜ ፈትተው ሦስት ጊዜ የገጠሙት አቶ ፈየራ ነበሩ። ማንም ሳይወቅሳቸው ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖሩ።

በ1972 ዓ.ም. ወ/ሮ መንበረ ዳግመኛ አረገዙ። በዚያው ሰሞን አቶ ፈየራ በአጋሮ መንገድ ባለ አንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ የካሚዮን ጎማ የምትነፋ ትንሽ ኮምፕረሰር አዩ። አየር የምትነፋ ማሽን አየር የምትስብበትም አፍ አላት፤ ቱቦው በዚያ በኩል ቢገጠም መምጠጫ ትሆናለች ሲሉ አሰቡ። ችግሩ ጣቢያው የሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑ ነበር። ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት ማሻገር በአሻጥር ያስከስሳል፤ ሆስፒታሉ ፈቃድ ለመጠየቅ ለጻፈው ደብዳቤም መልስ ጠፋ።

አቶ ፈየራ ደብዳቤ ቢያቅተው ሽማግሌ ያውቅበታል ብለው ሼህ ሸኩርን፣ ሁለት የሠፈር አዛውንቶችን እና አዋላጇን ሲስተር እታገኝን ላኩ። ሴት ሽማግሌ የት አገር ታይቶ ቢባሉም አልሰሙም። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ሙሐመድሳኒ እንግዶቹን ሲያዩ “ታኣ፣ ተቀመጡ እንጂ!” አሉ። ሼህ ሸኩርም “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ልጅዎን ፈልገን መጥተናል” ብለው ወደ ኮምፕረሰሯ አመለከቱ። አቶ ሙሐመድሳኒ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የሚጠየቁበት ነገር መሆኑ ትዝ ሲላቸው ግን ኮስተር ብለው “ዘመድ ላማክር፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ” አሉ። በቀጠሮው ቀን ቃላቸው አጭር ነበር፦ “ሰጥቻለሁ። ንብረትነቷ ግን የጣቢያው ነው፤ በጥቅምት ለቡና ለቀማ፣ ኢንሻአላህ፣ ለመልስ ትመጣለች።”

ሙሽራዋ በካሚዮን ተጭና ሆስፒታል ገባች። ቱቦዎቿ የቡና ገለፈት ስለሚሸቱ ከቀዶ ጥገና የነቁ ሕመምተኞች “ቡና ተፈልቷል እንዴ?” እያሉ ሐኪሞቹን ያስቁ ነበር። አቶ ፈየራ ግን እንቅልፍ አልነበራቸውም። ኮምፕረሰሯ ለመልስ የምትሄደው በጥቅምት፣ ወ/ሮ መንበረ የሚወልዱት በኅዳር ነበር።

ስለዚህ የጣቢያው መካኒኮች እና የሆስፒታሉ ሰዎች በየሳምንቱ ሐሙስ በሆስፒታሉ ወርክሾፕ እየተገናኙ ሌላ መምጠጫ ለመሥራት ተስማሙ። ሞተር የሚያገኙት ከተበላሸ ፍሪጅ ነበርና በጅማ አሮጌ ፍሪጅ ያለው ቡና ቤት ሁሉ አቶ ፈየራን ሲያይ በሩን መዝጋት ጀመረ። መስከረም ላይ የመጀመሪያው ማሽን ተሞከረ። መካኒኮቹ ዕድሜ ልካቸውን በአየር አቧራ ሲያራግፉ የኖሩ ናቸውና በልማድ ቱቦውን በሚነፋው በኩል ገጠሙት፤ ለሙከራ በጠርሙስ የተሞላው ውሃም ጣሪያ ነክቶ ሲስተር እታገኝ ላይ ወረደ። እሳቸውም ፊታቸውን እየጠረጉ “የሕፃን አፍንጫ የካሚዮን ጎማ አይደለም!” አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚጠቀምበት ሰው በእጁ ያልሞከረው መሣሪያ ከወርክሾፑ አይወጣም።

ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ ወ/ሮ መንበረ ወለዱ። ሕፃኗ ድምፅ አላሰማችም። በር ላይ የቆሙት አቶ ፈየራ መጀመሪያ የሰሙት የፍሪጁ ሞተር ሲነሣ ነው። ቀጥሎ ልጃቸው አለቀሰች። አባትም ሰው አየኝ አላየኝ ሳይሉ ከእሷ ብሰው አለቀሱ። ስሟም አጸደ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ከደዶ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ጤና ጣቢያዎች የተበላሸ ዕቃ የያዘ፣ “እንዲህ ዓይነት ነገር ቢኖረን” የሚል ሐሳብም ያለው ሁሉ ሐሙስን ይጠብቅ ጀመር። የቡና ጣቢያው መካኒክና አዋላጇ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የማዋለጃ አልጋ ሠርተዋል፣ የሕፃናት ማሞቂያ ሠርተዋል፣ ተጣልተው ታርቀዋል። ኮምፕረሰሯን ለመዋስ የተጠየቀው ፈቃድም በ1976 ዓ.ም. ደርሷል፤ አቶ ሙሐመድሳኒ በመስታወት አስገብተው ቢሯቸው ሰቅለውታል።

አቶ ፈየራ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በዚያው ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተዋል። ተኝተውም የአልጋቸው ጎማ ይንጫጫል እያሉ አስታማሚ አላስተኙም። ለባለቤታቸውም “ምናልባት የምሸኝበት ቀን ሐሙስ ከሆነ ወርክሾፑን እንዳታዘጊ” ሲሉ አደራ ብለዋል። መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጸደ አሉላቸው።

ቀብራቸው ዛሬ ሐሙስ፣ ወርክሾፑ የቀኑን ሥራ ሲጨርስ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት የሆነው በዚሁ አደራ ምክንያት ነው። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከሊሙ የመጣ መምጠጫ በመጠገን ላይ ነበር። ከወርክሾፑ በቀጥታ የመጣችሁ ወዳጆቻቸው በሥራ ልብሳችሁ እንዳላችሁ ከቤተሰቡ ጋር ከፊት ቁሙ።

የስንቱን ጨቅላ የእስትንፋስ መንገድ የጠረጉትን ሰው፣ እስትንፋስን የሚሰጥ አምላክ ነፍሳቸውን በክብር ይቀበልልን።