በሁዳዴ እንቁላል ፍለጋ

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ዛሬም አልበላችም። ከሆስፒታሉ በር ላይ የገዛሁላትን ሽሮ ሁለቴ ጎርሳ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። ደህና ብትሆን ኖሮ ቢያንስ ጨው አንሶታል ብላ ትጣላኝ ነበር።

ጠዋት ሐኪሙ መጣ። ልጅ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቲማቲም መስሏል። "አባባ፣ የእማማ ደም በጣም አንሷል። ቁስሉም አልጠራም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይብሉ። እንዲህ ከቀጠሉ አጥንቱን በብረት ማሰሩ ይቀርና እግሩን ስለ መቁረጥ ነው የምናወራው" አለኝ።

ሚስቴ እንጉዳይ ሰማች። "በሁዳዴ? መምሬ ሳይፈቅዱልኝ?" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አለቀ። ይቺን ሴት ከግድግዳ የሚመልስ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

መምሬ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ያሉት ዲማ፣ አገራችን ነው። ስልክ ወደዚያ አይሠራም። መንገዱም እኛን ካሳለፈ ወዲህ ተዘግቷል። ልጃችን ለማስታመም ያልመጣችው ለዚህ ነው። በሴቶች ክፍል ብቸኛው ወንድ አስታማሚ እኔ ሆኛለሁ። ነጠላ ሳጥብ ሴቶቹ ለማየት ይሰበሰባሉ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

መኝታ አልበቃ ብሎ ኮሪደሩም ታማሚ ተኝቶበታል። ማን ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው "ጥይቱ የት ላይ መታህ?" ነው። የእንጉዳይ ቀዶ ጥገና ለዛሬ ተቀጥሮ ነበር። ረፋዱ ላይ ሆዳቸውን የተመቱ ሁለት ሰዎች በመኪና ገቡ፤ ተራዋ ወደ ኋላ ሄደ። ልቆጣ አሰብኩ። ከዚያ የአንደኛውን እናት አየሁና ቁጣዬን ዋጥኩት።

ደም የሚሰጥ ዘመድ አምጣ ተባልኩ። ዘመዱ ይኸው እኔ ነኝ ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሲስተር፣ "አባባ፣ ዕድሜዎ አልፏል" አለችኝ። "ጠጅ እንኳ ሲቆይ ነው የሚወደድ!" አልኳት። ሳቀች፣ ግን ደሜን አልወሰደችም። የሰጠልኝ ደሴ ነው፤ ክንዱን የተመታ ወንድሙን የሚያስታምም የጉንደ ወይን ገበሬ። "ከንግዲህ ከእማማ ጋር ዘመድ ነን" አለኝ።

ሲመሽ ዘበኛው ወንድ ውጣ ይላል። በረንዳ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ እቀመጣለሁ። መቀለድ ያምረኛል፤ የምቀልድበት ሰው ግን ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ደብተር ብነግረው አይስቅ፣ አይሰድበኝ።

የሙሽራው አጎት "ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት" ብሏል፤ በቅበላው ሰሞን፣ በጎረቤታችን ሰርግ። ሰማዩ ያን ቀን ዝቅ ብሎ ኖሯል፤ እልል እያለች የቆመች የእኔዋ አሮጊት ጭን ድረስ።

አርብ፣ መጋቢት 5

ዋሸሁ።

ገብቼ፣ "ትናንት ማታ ኔትወርክ ለአፍታ መጥቶ መምሬ ደወሉ። ለመድኃኒት ነውና ትብላ ብለዋል" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከረቡዕ ወዲህ ከግድግዳው ስትመለስ የመጀመሪያዋ ነው።

"ቀኖናው ምንድን ነው?"

"የምን ቀኖና?"

"መምሬ ያለ ቀኖና ጾም ይፈታሉ? ምን አዘዙ?"

ይህን አላሰብኩበትም። ሃምሳ ዓመት የቀለድኩበት አፌ ያገኘው አንድ ቃል ብቻ ነበር። "ስግደት" አልኩ። ዓይኗ ወደ ታሰረው እግሯ ሄደ። "ማለቴ... አንቺ ስለማትችይ ባልሽ ይስገድልሽ ብለዋል። በየቀኑ አርባ።"

"እንዲህ ያሉትማ እሳቸው ናቸው" አለች፣ ደስ ብሏት።

ከዚያ እንቁላል ፍለጋ። በሁዳዴ፣ ያውም አርብ ቀን፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ እንቁላል ሲጠይቅ የማርቆስ ከተማ ሰው እንዴት እንደሚያየው አሁን አውቃለሁ። የሱቋ ሴትዮ፣ "አባቴ፣ ጾም እኮ ነው! አያፍሩም?" አለችኝ። "ዶሮዋ ግን መውለድ አላቆመችም" አልኳት። ለታማሚ መሆኑን ስነግራት አፈረችና አንድ መረቀችልኝ።

እንጉዳይ አማተበች፣ በላች። ሁለት እንቁላል ሙሉውን! እኔ ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ሰገድኩ። ሃያኛው ላይ ጉልበቴ እንቢ አለ። ደሴ ደግፎ አነሳኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ቅዳሜና እሑድ ስግደት የለም። ቅዱሳን አባቶች ስለ ጉልበቴ አስቀድመው አስበውበታል።

ወተት ጠጣች። ፊቷ ላይ ትንሽ ደም መጣ። "መምሬን እግዜር ያክብርልኝ" ትላለች በየጉርሻው። ያ ነው የሚወጋኝ። እድሜ ልኬን ማንን እንዳታለልኩ ማታ ማታ የምነግረው ለእሷ ነበር። ይሄኛውን፣ ከሁሉም የሚያስቀውን፣ ልነግራት አልችልም። ብቸኝነት በረንዳው ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጦም ይገኛል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ደሟ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ ለካ ጥርስ አለው።

ብረቱን ከውጭ መድኃኒት ቤት ገዛሁ። ጊደሯን ሸጬ የያዝኩት ገንዘብ በዚሁ ሄደ። አንዲት ጥይት አንድ ጊደር በላች፤ ገና የጠገበችም አይመስለኝ። ያ አጎትየው ምን ያህል እንደከፈለባት እንጃ።

አርባውን ያለ ደሴ ጨረስኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ሌላ መኪና እንዳይመጣ የግቢውን በር ሳይ ዋልኩ። ሞተር በሰማሁ ቁጥር "በወሊድ የመጣች ትሁን" እላለሁ።

በሩ ላይ ተቀምጬ ክፉ ክፉውን አሰብኩ። በእኔ ውሸት የበላችው እንቁላል ኃጢአት ሆኖ እግሯን ቢያስቆርጣትስ? ለሐኪሙ ብነግረው ይስቅብኛል፤ ለቄስ ብነግረው አይስቅም።

ከሰዓት አወጧት። አንሶላውን ገለጥኩ። ሁለት እግር። ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ሐኪሙ፣ "ቁስሉ እንዳያመረቅዝ እንጠብቃለን፤ ለጊዜው ግን እግሩ የራሳቸው ነው" አለ። ሲመሽ፣ ማደንዘዣው ሲለቃት፣ አውራ ጣቷን አነቃነቀች። ውጪ ወጥቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ጠዋት ደሴ፣ "ኔትወርክ መጥቷል!" እያለ ገባ። እኔ አልተደሰትኩም።

እንጉዳይ፣ "መምሬ ጋ ደውልልኝ። ላመስግናቸው" አለች። ባትሪ የለም አልኩ። "ደሴ ዛሬ ጠዋት ሞልቶልሃል" አለች። ቁጥሩ ጠፋኝ አልኩ። እጇን ዘረጋች። ደወልኩ፤ ጠራ። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

"መምሬ፣ እንደምን አሉ? እንቁላሉን ስለፈቀዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ..."

ከዚያ ብዙ አዳመጠች፤ እያዳመጠች እኔን አየችኝ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ። "እሺ መምሬ፣ እነግረዋለሁ" ብላ ዘጋችው።

"ምን አሉሽ?"

"ጾሙንስ በደህና ፈትተሻል አሉ። ባልሽ ግን በአርባው ላይ አርባ ጨምሮ እስከ ትንሣኤ ይስገድ ብለዋል።"

"እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት?"

"ስልኩ ይኸው፤ ደውለህ ጠይቃቸው" አለችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበችው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲስተር ደንግጣ መጣች፤ "እማማ፣ ቁስሉ ነው? አመመዎት?"

"ሳቅ ነው" አልኳት። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ኔትወርኩም አለ። አልደወልኩም። ጋቢዬን አጥፌ ወደ ቧንቧው ወረድኩ።