የቁጥር አራት እጆች

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይታወቅ፦ በእኛ የዳይኖሰር ቅርጽ ዳኝነት የአጥንት ስህተት ይቅርታ የለውም። ቀለም ቢበላሽ እንደገና ይቀባል። የቆዳው ቅርፊት ቢበዛም ቢያንስም እናልፈዋለን፤ በሕይወት ያየው ሰው የለምና። አጥንቱ ግን ከድንጋይ ውስጥ ወጥቶ ተለክቷል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ዳኞች አብዱልሃኪምና ሮማንም ፈርመውበታል።

አምስቱ ቅርጾች ዛሬ ደረሱኝ። አብዱልሃኪም ሸዋ በር ካለው የመነጽር ሱቁ በካርቶን ተሸክሞ አምጥቶ የሳሎን ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። አምስቱም አሎሳውረስ ናቸው፤ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ሥጋ በል፣ ከዓይኑ በላይ አጭር ቀንድ ያለው ዳይኖሰር። እንደ ልማዳችን የሠሪዎቹን ስም የሚያውቀው አብዱልሃኪም ብቻ ነው። እኔና ድሬዳዋ መድኃኒት ቤት ያላት ሮማን የምናየው ሆዳቸው ሥር የተለጠፈውን ቁጥር ነው። ሮማን ባለፈው ሳምንት አይታ ጨርሳ ውጤቷን በታሸገ ፖስታ ልካለች። ፖስታው እስከ እሁድ አይከፈትም።

እስከ ዛሬ የምንፈርደው በፋብሪካ መጫወቻዎችና ሰዎች ለደስታቸው ሠርተው በሚልኩልን ቅርጾች ላይ ነበር። አዲስ ዳይኖሰር ገበያ ላይ በወጣ ቁጥር ሰብሳቢዎቹ እውነቱን ይመስል እንደሆነ ይጠይቁናል፤ እናያለን፣ እንለካለን፣ እንጽፋለን። በፍርዳችን የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የመጫወቻ ወርክሾፕ እኛ ያሳለፍነውን ቅርጽ በፕላስቲክ ሊያወጣው፣ የሠራውንም ሰው ሊቀጥር ቃል ገብቷል። አንድ ቅርጽ፣ አንድ ሰው። መልሳችንን የሚጠብቁት የፊታችን ሰኞ ጠዋት ነው።

የዛሬው ሥራ፦
ቁጥር 1። ጅራቱን መሬት ለመሬት ይጎትታል። ወደቀ።
ቁጥር 2። እጁ አራት ጣት አለው። ሦስት መሆን ነበረበት። ወደቀ።
ቁጥር 3። ከፋብሪካ መጫወቻ የተቀዳ። የፕላስቲኩ መጋጠሚያ መስመር ሳይቀር ተቀድቷል። ከውድድር ወጣ።
ቁጥር 5። ጥፋት የለበትም። ነፍስም የለበትም። አለፈ።
ቁጥር 4። ነገ።

አብዱልሃኪም ቁጥር አራትን ለምን እንዳሳደርኩት ጠየቀኝ። ቆንጆ ስለሆነ አልኩት። ቆንጆ ነገር ዓይን ያታልላል፤ በጠዋት፣ በፀሐይ ብርሃን ነው መታየት ያለበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ቁጥር አራትን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ሳየው አረፈድኩ።

ክብደቱ በሙሉ ቀኝ እግሩ ላይ ነው፤ ግራውን ሊያነሳ ሲል ከተረከዙ ሥር የጭቃ ቁራሽ አብሮ ተነስቷል። አንገቱ፣ ሥጋ ተራ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ የሰው ዘንቢል እንደምትጠብቅ ጭልፊት፣ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ይህን የሠራ ሰው ወፍ አይቷል፤ በስዕል ሳይሆን በዓይኑ። ጅራቱ አየር ላይ። ጣቶቹ ሦስት፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ከሁሉ ትልቅ። ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ልክ ነው እያልኩ ወረድኩ።

ከዚያ እጆቹን አየሁ።

መዳፎቹ ወደ መሬት ዞረዋል፤ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው። የእነዚህ እንስሳት መዳፍ ሊያጨበጭብ እንዳለ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል እንጂ ወደ ታች አይዞርም። የእጅ አንጓው አይፈቅድም። የአጥንት ስህተት ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ «ወደቀ» ብዬ ጻፍኩ። 

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከጉሮሮው በታች የተንጠለጠለ የቆዳ እጥፋት ሠርቶለታል። በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ቆዳ ስለሆነ ነጥብ አያስቀንስም። ግን እጥፋቱን አውቀዋለሁ። የት እንዳየሁት ጠፋኝ። ከሰዓቱን ሁሉ ከመጻሕፍቱ ጋር ስታገል ዋልኩ፤ አላገኘሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሰውን የሚጥል ዳኛ ማስረጃውን ሁለት ጊዜ ማየት አለበት። ስለዚህ የእጅ አንጓውን በዶሮ ክንፍ ላረጋግጥ ፈለግሁ፤ የዶሮ ክንፍ የእነዚህ አውሬዎች እጅ የቅርብ ዘመድ ነው። ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ ውሃው ከተጣደ በኋላ ነው።

ባለቤቴ እታገኝ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «በጾም ቀን ዶሮ ልትቀቅል?» አለች። አልበላውም፣ ልመረምረው ነው አልኳት። «ሽታው ግን ለምርምር ብቻ ነው ብሎ ሳሎን ውስጥ አይቀርም» ብላ ድስቱን ከእሳት አወረደችው።

መፍትሔ ያመጣው አብዱልሃኪም ነው። ከቤቱ ሁለት የተቀቀሉ ክንፎች በዕቃ ይዞ መጣና ግቢ ውስጥ፣ ሎሚው ሥር ተቀመጥን። «ቲቸር፣ ይሄ በቢስሚላህ የታረደ ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም» አለኝ። ዛሬስ የእኛም ቢሆን አይሆነኝም አልኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ሥጋውን አውልቀን አጥንቱን በማጉያ መነጽሩ አየነው። አንጓው ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ መዳፉ ወደ ታች ግን አይዞርም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ አልዞረም። ፍርዴ ትክክል ነበር።

አብዱልሃኪም ክንፉን አስቀመጠ። «ልጅቷ ደግሞ ሌላ ዕድል የላትም» አለ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ። በስድስት ዓመት ዳኝነታችን ስለ አንድ ሠሪ አንዲት ቃል ሲያመልጠው ይህ የመጀመሪያው ነው። «አስተግፊሩላህ። እንዳልሰሙ ይሁኑልኝ ቲቸር።» አልሰማሁም አልኩት። ሰምቻለሁ። ሴት ናት።

ከሄደ በኋላ አጥንቶቹን በጋዜጣ ስጠቀልል ያ የጉሮሮ እጥፋት ድንገት ፊቴ ድቅን አለ። በመጽሐፍ አይደለም ያየሁት። ግድግዳ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ጠዋት ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ዘበኛው ስላወቀኝ የባዮሎጂ ክፍሉን ከፈተልኝ። ግድግዳው ታችኛው ግማሹ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ላይኛው እንደነበረ ነው። ግድግዳውን የሸፈነውን ቁም ሳጥን ሁለት ሆነን ገፋነው።

አለ። ደብዝዟል፣ ግን አለ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በገዛ እጄ የሳልኩት አሎሳውረስ። ያን ጊዜ የነበረን አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ እጆቹን ከዚያ ቀዳሁ፤ መዳፎቹ ወደ መሬት። ጉሮሮው ጋ ደግሞ ልስኑ ተሰንጥቆ ስለነበር ስንጥቁን ለመሸፈን አንድ የቆዳ እጥፋት ጨመርኩበት። የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በዓለም ላይ ያ እጥፋት ያለው አሎሳውረስ አንድ ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሆነዋል።

ከዚያ ስዕል ፊት ቆሜ ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። አዳዲስ መጻሕፍት ሲደርሱኝ የእጁን ነገር አወቅሁ፤ በየዓመቱ አስተካክለዋለሁ እያልኩ ጡረታ ወጣሁ።

ቤት ስመለስ፣ ስለዚያ ስዕል የጠየቀች ሴት ተማሪ ትኖር እንደሆነ ብዬ የክፍል ደብተሮቼን ሳጥን ከፈትኩ። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደብተር አለኝ፤ በየቀኑ ያስተማርኩትን፣ የተጠየቅሁትን፣ የቀረውን እጽፍ ነበር። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«9ኛ ለ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ። ነኢማ የስዕሉ እጅ ልክ አይደለም አለች። የዶሮ ክንፍ እንዲህ አይዞርም፣ ቤት ሞክሬያለሁ አለች። ክፍሉ ሳቀ። የተጻፈውን ተከተይ ብዬ አስቀመጥኳት። ትምህርቱ በሰዓቱ አለቀ።»

ትምህርቱ በሰዓቱ አለቀ።

ትናንት እኔ በስተርጅና ሎሚ ሥር ተቀምጬ ያረጋገጥኩትን እሷ በአሥራ አምስት ዓመቷ አረጋግጣ ነበር። ከዚያ እኔን አመነች።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ከጁምዓ በፊት እንድደርስበት በጠዋት አብዱልሃኪም ሱቅ ሄድኩ። የሸዋ በር ሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት እስከ ውስጥ ይሰማል። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቅሁና «ነኢማ ናት» አልኩት።

የሚወለውለውን መነጽር አስቀመጠ። «ወላሂ ከእኔ አልወጣም።»

«ካንተ አይደለም። ከእኔ ነው የወጣው፤ ግድግዳ ላይ።» በስልኬ ያነሳሁትን የግድግዳውን ፎቶም ደብተሩንም አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

ከዚያ የተናገረው በሙሉ ነኢማን የሚመለከት ነበር። ኤረር በር ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ቅርጾቿን የምትሠራው አየር ላይ ደርቆ ከሚጠነክር ጭቃ ነው። ይህን አንዱን ሰባት ወር ሠርታዋለች፤ ካላለፈ አጎቷ ጅጅጋ ሱቅ ሊያስቀምጣት ነው፤ ተስማምታለች፣ ጭቃዋንም ለጎረቤት ልጆች ልታድል ነው። ከዳኞቹ አንዱ እኔ መሆኔን ታውቃለች። እጆቹን ስትሠራ ምን እንዳለች ነገረኝ፤ «ቲቸር እንዳስተማሩኝ ካላደረግሁት ይጥሉኛል» ብላዋለች።

ተቀመጥኩ።

ቀዩን ይሰርዙት፣ ማን ያውቃል አለኝ። አይሆንም አልኩት። እጁ አሁንም ስህተት ነው። እሷ ከግድግዳ እንደተሳሳተች ነገ ስንት ልጅ ከፕላስቲክ ይሳሳታል።

«እሺ» አለ። «እርስዎ አሳስተዋት እርስዎ ይጣሏት?»

ለሠላሳ ዓመት ተማሪ ዝም ሲል «መልሱን አላጠናህም» እያልኩ ኖሬያለሁ።

በመጨረሻ የቀረ አንድ መንገድ እሱ አስታወሰኝ። በድሮው ደንባችን ከ«አለፈ» እና «ወደቀ» መካከል «ተስተካክሎ ይመለስ» የሚል ነበር። አምና ተሰረዘ። ያሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰዎች በግማሽ ሠርተው እየላኩ አስቸገሩ ብዬ። አብዱልሃኪም ያኔ ተቃውሞ ነበር። ዛሬ ግን አላነሳብኝም፤ ይበልጥ ያሳፈረኝም እሱ ነው። አንቀጹን ለመመለስ የሦስታችን ፊርማ ያስፈልጋል። እሱ እዚያው ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። አዛን ሲል ሱቁን ዘግቶ ወጣ።

ለአንዱ የተከፈተ በር ለሁሉም ነው። ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለትም ይህን ዕድል ያገኛሉ፤ ቁጥር ሦስት የተቀዳ ስለሆነ አያገኝም። የቁጥር አምስት ሠሪ ያለ ጥፋት ሠርቶ አሁን ተፎካካሪ ሊመጣበት ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። እሱም ሰው ነው። ይህን አሰብኩበት፤ አልቀለለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሮማን ጋ ደወልኩ። ነገሩን በሙሉ አስረዳኋት። ታግሣ ሰማችኝና፣ «ጋሽ መኮንን፣ ደንብ ለወደድነው ሰው አይታጠፍም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያም በስልክ አልወስንም፣ ጽፈው ይላኩልኝ አለች።

እንደገና ልጽፈው ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ራሴን አሳምሬ ጽፌ አገኘሁት። ስለዚህ እነዚህን ስድስት ቀናት ከነቀይ እስክሪብቶው ከደብተሬ ቀድጄ እልካለሁ። በሕይወቴ ከደብተር ገጽ ቀድጄ አላውቅም። አብዱልሃኪም የሚያውቀው ሹፌር ከሰዓት ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ በእጁ ያደርስላታል።

ሮማን፣ የምጠይቅሽ ቁጥር አራትን እንድታሳልፊ አይደለም። የአጥንት ስህተት አሁንም ይቅርታ የለውም። የምጠይቅሽ ስህተቱ የማን እንደሆነ አይተሽ፣ እሷ የራሷን እጅ እንድትሠራ ጊዜ እንድንሰጣት ነው። ከተስተካከለ በኋላ እኔ ነጥብ አልሰጥም፤ አንቺና አብዱልሃኪም ትፈርዳላችሁ። ከቁጥር አምስት ካነሰ ይውደቅ።

ሁለቱን አንጓዎች በቀጭን መጋዝ ቆርጦ፣ አዙሮ፣ ሞልቶ ለማድረቅ ግማሽ ቀን ይበቃታል። ግማሽ ቀን ግን ያስፈልጋታል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ መልስ ይፈለግብናል። እንዴት መዞር እንዳለባቸው ማንም አያሳያትም፤ ታውቀዋለች።

ስልኬን ከእጄ አላወጣም። እሺም ይሁን እምቢ፣ ነገ እሁድ ከቀትር በፊት መልሺልኝ።