ክንዱ ሆይ፣ የዕድሜ ልኬን ዘፈን መረጥሁ

ውድ ክንዱ፣

ጤንነትህን አልጠይቅህም፤ ደህና አለመሆንህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ጌትነት ግን በጣም ደህና ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም፤ ፊደል ከሳትሁ አርመው። አንተ የሰው ነገር ማረም ትወዳለህ።

ከሬዲዮው ልጀምር። እንግዳ ሆነህ የቀረብህ ጠዋት ጋዜጠኛዋ «ከሰማኸው ዘፈን ሁሉ አንድ፣ ከአልበም ሁሉም አንድ ምረጥ» አለችህ። ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ቀን ያስብ ነበር። አንተ ሳትተነፍስ የራስህን አልበም መረጥህ! ከእሱም ውስጥ አምስተኛውን ዘፈን። የራሱን ጉንጭ የሚስም ሙሽራ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀጠልህና ደግሞ «ግጥሙም ዜማውም የኔ ነው፤ አንዲት ልጅ ልቤን ወስዳብኝ ያወጣሁት ነው» አልህ።

አክስቴ የብርጓል ይህን ስትሰማ ጣና ዳር ተቀምጣ ዓሣ እየፋቀች ነበር። ሬዲዮው አጠገቧ ተቀምጣ ዓሣ የምትፍቀው የባልንጀራዋ የአደይ ነው። ዘፈኑ ሲጀምር የአክስቴ ቢላዋ ቆመ።

«ይኼ የኔ አይደል እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

አደይ ሳቀች። «ወይ የብርጓል! ደግሞ ከሬዲዮ ቀድተሽ የኔ ነው ልትይ? ነገ ዜናውንም እኔ ነኝ ያወራሁት በይና!»

ዳር ዳሩ ሁሉ ሳቀ። አክስቴ ቢላዋዋን መልሳ ዓሣው ላይ አሳረፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ ፋቀች። አሥራ ሰባት ዓመት ያንጎራጎረች ሴት፣ ክንዱ! አሳዳጊዬ ናት፤ ዝምታዋን እቤት ይዛው ስትመጣ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቅም።

ዘፈኑን መቼ እንዳወጣችው ግን በደንብ ታውቃለህ። ባሏ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግሮ፣ እሱም ታንኳውም ሳይመለሱ የቀሩበት ዓመት ነው።

ደቅ ለዋለ ሰው ሩቅ ነው ባሕር ዳር፣
ታንኳዋን ላካት አንተ እዚያው እደር።

አንተ ታንኳዋን አውጥተህ ልብ አስገባህበት። ልብ ምን ያደርጋል? ዓሣ አይጫንበት!

አልበምህን ከማውጣትህ በፊት እቤታችን መጥተህ፣ ዓሣውን በልተህ፣ ጣትህን ልሰህ «እቴቴ፣ እርስዎ ሲያንጎራጉሩ አንጀቴን ይበሉታል፤ እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልሃት። ደገመችልህ። «መሰንቆዬን ላስተካክል» ብለህ ስልክህን ለኔ ሰጠኸኝ። ለማንም ያልነገርሁት ይህ ነው፦ ሲቀዳ ስልኩን አፏ ሥር የያዝሁት እኔ ነኝ። እጄን እንኳ አላንቀሳቀስሁም፤ ጥራት እንዲኖረው ብዬ።

ስለዚህ የጓደኛዬ የቃለ ሕይወት ሰርግ ላይ ፊት ለፊትህ የተቀመጥሁት ጠጅ ፈልጌ አልነበረም። መሰንቆህን ይዘህ ድንኳኑን እየዞርህ «ስጡኝ እንጂ! የሰጡኝን የማልቀበል አዝማሪ አይደለሁም!» ስትል ሆዴ ሳቀ። የእናንተን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ግጥም የተሰጠው አዝማሪ አፉ ከልቡ ይቀድማል። ሊያስብ ከቆመ ያፍራል፤ ከተቀበለም የሚዘፍነው እንደተሰጠው ነው።

«ተቀበል!» አልሁህ።

«እሺ!»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሞች ስለ ሙሽራዋ ሰጠሁህ፤ ትል በመንጠቆ ማለት ነው። ጥሩ አድርገህ ዋጥህ። እልል ተባለልህ። ግንባርህን አላበው፣ ዓይንህን ጨፈንህ። ያን ጊዜ ሦስተኛውን ለቀቅሁት፦

«ተቀበል!
የብርጓል አልቅሳ ያወጣችውን ዜማ፣
ክንዱ የኔ ነው አለ ጆሮዋ እየሰማ!»

ተቀበልህ! ዓይንህን እንደ ጨፈንህ፣ በዚያ በሚያምር ድምፅህ፣ ከነመንቀጥቀጡ! የገዛ ስምህ ላይ ስትደርስ አንድ ዓይንህ ተከፈተ፤ ግን አፍህ ከፊት ሄዶ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ለተባለው ሁሉ እልል ማለት ልማዳቸው ነውና እልል አሉልህ። አንድ ሽማግሌ «ይደገም!» አሉ። ማን እምቢ ይላቸዋል? ደገምኸው። ግማሹ ድንኳን ስልኩን ደቅኖ ነበር።

ቃለ ሕይወት በጆሮዬ «አንተ ሰይጣን፣ ሰርጌን ፍርድ ቤት አደረግኸው» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አንተን ግን አልጠይቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ቅጂውን ይዤ ጣና ዳር ወረድሁ። አክስቴ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ስሜን ጠራው?»

«ጠራው።»

«በሰው ፊት?»

«ሦስት መቶ ሰው ፊት፣ ሁለት ጊዜ።»

«እስቲ ድገመው።» ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ «አደይ! ነይ ስሚ!» ብላ ተጣራች። አደይ ሰማች፤ ሬዲዮዋን ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ አክስቴ ቢላዋዋን አነሣች፤ ከሬዲዮው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም ልታንጎራጉር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ዜማውን ግን አበላሽቶታል፤ እንዲህ ነው የሚባለው» አለችና ከነታንኳዋ አወረደችው።

እንግዲህ እኔን ሬዲዮ አይጠራኝም፤ ምርጫዬን ለአንተ ልንገርህ። የዕድሜ ልኬ ምርጥ ዘፈን አንተ ዓይንህን ጨፍነህ የተቀበልኸው የአንድ ደቂቃ ዘፈን ነው። ምርጥ አልበሜን ደግሞ ራሴ ሠራሁት። አንዱን ዘፈን አሥራ ሁለት ጊዜ ደረደርሁና «ክንዱ ተቀበለ» አልሁት። ሥራዬ ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን እንደሆነ ረስተህ ይሆን? የከተማው ባጃጅ ሁሉ የሚጭነው ከኔ ነው። ከፋሲሎ እስከ ቀበሌ አሥራ አራት አንተው ነህ የምትዘፍነው። ወደ ሐሙሲት የሚሄዱ ሚኒባሶችም ጠይቀውኛል።

እዚያው ሬዲዮ ተመልሰህ «ዘፈኑ የየብርጓል ነው» ካልህ፣ በዚያው ቀን ከፍላሹ ሁሉ አጠፋዋለሁ። ቃሌ ነው። እስከዚያው በእግርህ ሂድ፤ ለጤናም ጥሩ ነው።

አንዱን ቅጂ ግን ብትሞትም አላጠፋውም፤ አክስቴ ጠዋት ጠዋት ቢላዋ ስትስል «ያን ልጅ ክፈትልኝ» ትለኛለችና።

ስልኩን የያዘልህ
ጌትነት